ፍተሻ በር ላይ የተያዘ ጥጥ

እኔ አንድ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። አቃቂ ጥጥ ፋብሪካ የተቀጠርኩት መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው፤ ያስገባችኝም አክስቴ ናት። እሷ ከወጣትነቷ ጀምሮ ክር ማጠንጠኛ ክፍል የሠራች፣ እኔ ደግሞ ማሽኑ በጮኸ ቁጥር የምደነግጥ አዲስ ሠራተኛ። ያኔ የማይገርመኝ ነገር አልነበረም፤ ከሁሉም በላይ ግን የሚገርመኝ የፍተሻው በር ነበር።

ፈረቃ ሲያልቅ ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል ተሰልፈን እንወጣለን። ክርና ጥጥ እንዳይሰረቅ ፈታሿ ብብታችንን፣ ደረታችንን፣ ወገባችንን ትዳብሳለች። ሴቶቹ ይህን ሰልፍ ይረግሙታል፤ ይወዱታልም ብል ግን አልዋሸሁም። የሰፈሩ ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። ማን እንዳረገዘች የሚታወቀው እዚያ ነው። ሁሌም አንዷ ለፈታሿ "ኮርኩረሽ ልትገድይኝ ነው እንዴ" ትላታለች፤ ሁሌም ይሳቃል።

አክስቴ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባትና ጡቷ በቀዶ ጥገና ተቆረጠ። ወጪውን ፋብሪካው የገባልን የሕክምና መድን ሸፈነው። ተኝታ ስታገግም የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ሥራዋ ተመልሳ፣ ከሴቶቹ ጋር ተሰልፋ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያያት መውጣት። በሽታውን ያልፈራች ሴትዮ ሰልፉን ፈራች።

ስለዚህ ጡት ሠራን። ከገበያ የተገዛ ጥጥ አሮጌ ሻሽ ውስጥ ከትታ ሰፋችው። ቀለለ፤ በተራመደች ቁጥር ወደ ትከሻዋ ይወጣል። ክብደት ያስፈልገዋል አልኩና ከጓዳ ሽንብራ አመጣሁ፣ የአቃቂ ጥቁር አፈር የሚያበቅለውን ደንበኛ ሽንብራ። አንድ እፍኝ ከመሀሉ ስንጨምርበት ቦታው ላይ ቁጭ አለ። መስታወት ፊት ቆመን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

ሥራ ስትመለስ የድሮዋ ፈታሽ ነገሩን ታውቅ ስለነበር እንዳላየች ታሳልፋታለች። አንድ ቀን ግን አዲስ ልጅ ተመደበች። እኔ ከአክስቴ ኋላ ነበርኩ። የልጅቷ እጅ የአክስቴ ደረት ላይ ሲደርስ ቆመ። መልሳ ጫን አደረገችው። ከዚያ በቀሚሱ አንገት እጇን ሰዳ ጥጡን አወጣችው። አክስቴ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብስባ ቆመች። ጥጥ ሰርቆ የተገኘ ይባረራል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

በማግስቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበች። እኔም ምስክር ነኝ ብዬ ገባሁ። የአስተዳደር ኃላፊው ማስረጃውን በምላጭ ሲቀደው ሽንብራው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ከፊሉም መሬት ወርዶ ተንከባለለ። ጥጥ የሚሰርቅ ሰው ሽንብራ አይጨምርበትም። የኮሚቴው ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ ነገሩ የገባው የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበር መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ። አክስቴ ተነስታ ሽንብራውን ከመሬት ትለቅም ጀመር።

ነጻ ናት ተባለ። እኔ ግን አላስቻለኝም። መድኑ ጡቷን ለማስቆረጥ ከከፈለ ለምን ለምትኩ አይከፍልም ብዬ ጠየቅኩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ በትዕግሥት አስረዳኝ። ማኅበሩና ፋብሪካው የተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት መነጽር ይላል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይላል፣ ሰው ሠራሽ እግር ይላል። የሚተካው ለሥራ የሚያስፈልግ አካል ነው።

"በጡት ክር አይጠነጠንም" አለኝ።

"በጥርስስ ይጠነጠናል?" አልኩት።

ስምምነቱን ከማኅበሩ ተውሼ ደጋግሜ አነበብኩት። ዓይን አለ፣ ጆሮ አለ፣ ጣት አለ። የጻፉት ሰዎች የራሳቸውን ገላ ከአናት እስከ እግር እያዩ የዘረዘሩት ይመስላል። እነሱ የሌላቸው ነገር ቀረ። በክፋት ነው እንዳልል ክፋት አላየሁባቸውም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በሩ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ያቺ ፈታሽ ከሐፍረቷ የተነሳ አክስቴ ስትደርስ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ "እርስዎ ይለፉ" ትላለች። ሴቶቹም ወሬያቸውን አቋርጠው ያስቀድሟታል። እኔ ክብር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አክስቴ ግን በየቀኑ ፊቷ ጠቁሮ ቤት ትገባለች። ምን ሆንሽ ብላት ነጠላዋን አጣጥፋ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ስምምነቱ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ሊቀ መንበሩ ጥያቄውን ይዞ ገባ። ተደራዳሪዎቹ ሁሉም ወንዶች ስለነበሩ ቃሉን ላለመጥራት "ያ አካል" እየተባባሉ ሲከራከሩ መዋላቸውን ራሱ ነገረኝ። ብቻ በመጨረሻ ጡት ተጻፈ። የመድን ሰዎቹም ተቀበሉት። ይሁን እንጂ ሰው ሠራሽ ጡት የሚሸጥ ቤት ከቃሊቲ እስከ ፒያሳ ብንዞር አጣን። ሕጉ አለ፣ ዕቃው የለም። አስተዳደሩ ቢቸግረው የገዛ ጥጡን ሰጣት፤ ከመጋዘን የወጣ ንጹህ ጥጥ፣ ማኅተም ካለበት መውጫ ወረቀት ጋር። አሳቀኝም፣ አናደደኝም።

የዚያን ዕለት አክስቴ ጥጡን በፌስታል፣ ወረቀቱን በእጇ ይዛ ሰልፉ መሀል ቆመች። ሊያስቀድሟት ቢሞክሩ እንቢ አለች። ተራዋ ሲደርስ ፈታሿ ወረቀቱን አየችና እንደ ልማዷ ይለፉ አለቻት። አክስቴ አልተነቃነቀችም። ፌስታሉን ለእኔ ሰጠችኝ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ እጆቿን ዘረጋች።

"ፈትሺኝ" አለቻት። "እንደ ሰዉ ሁሉ።"

ልጅቷ እኔን አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ከብብቷ ጀመረች። ደረቷ ላይ ደረሰች። ግራው ላይ ሳትቆምም ሳትፈጥንም አልፋ ወደ ወገቧ ወረደች።

"ኮርኩረሽ ልትገድይኝ ነው እንዴ" አለቻት አክስቴ።

ከኋላ ያሉት ሴቶች ሳቁ።