የአማቴ አፍንጫ

ከኮምቦልቻ ተድሬ መርካቶ ስገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሠርጉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አማቴ ወጥ ቤት ጠሩኝ። ሽንኩርት ሊያስከትፉኝ መስሎኝ ዓይኔ ቢላ ፈለገ። እሳቸው ግን እጅጌዬን ሰብስበው፣ እጄን አስታጥበው፣ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ አንድ ድብልብል ለጋ ቅቤ አስቀመጡልኝ።

«እጠቢው» አሉኝ።

«ቅቤ ይታጠባል እንዴ እማማ?»

«ወተቱ ውስጡ እስካለ ድረስ ቅቤ አትበይው። ነገ የሚሸት ነገር ነው።»

ውሃው ነጭ እየሆነ ሲደፋ፣ ሌላ ሲሞላ፣ እንደገና ሲደፋ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። በመጨረሻ ውሃው ጠርቶ የሳፋው ታች ሲታይ «አሁን ቅቤ ሆነ» አሉ። ቆንጥረው ጨው ጨመሩበት። አፉ ሰፊ የሆነ የሸክላ ዕቃ ውስጥ በመዳፋቸው እየጠቀጠቁ ከተቱት፤ አየር የሚገባበት ክፍተት መቅረት የለበትም። ከላዩ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ አፈሰሱበት፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፈኑት፣ ከምድጃውም ከመስኮቱም ርቆ የሲሚንቶው መደርደሪያ ጥግ ላይ አስቀመጡት።

«ውሃው ጠዋትና ማታ ይቀየራል። ወጥ የነካ ማንኪያ አይገባበትም። ያልታጠበ እጅም አይገባበትም። እንዲህ ከያዝሽው ሳምንቱን ሙሉ ለስላሳ ነው፤ ሽታውም አይለወጥም።»

ፍሪጅ ነበረን። ለምን እዚያ አናስቀምጠውም ብዬ ስጠይቅ እንደ ጅል አዩኝ። «ፍሪጅ ድንጋይ ያደርገዋል፤ የሽንኩርቱንና የሥጋውንም ሽታ ያስታቅፈዋል። ጠዋት ለልጅ ቂንጬ ላይ ልታደርጊ ስትፈልጊ በመዶሻ ነው የምትሰብሪው?»

አማቴ ቅቤ ተራ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሸጡ ሴት ናቸው። እዚያ ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ሁለት ነጋዴዎች ተቀላቅሏል አልተቀላቀለም ብለው ሲጣሉ ቅቤውን በኮባ ቅጠል እንደተጠቀለለ ይዘው እሳቸው ጋ ይመጣሉ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ትንሽ ይጭራሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ያሸታሉ። «ይሄ ለጋ ነው። ይሄኛው መካከለኛ። ይሄ ደግሞ ሞራ አለበት፤ ወደመጣበት መልሰው።» ከዚያ በኋላ የሚከራከር ሰው አይቼ አላውቅም።

ያ አፍንጫ ማታ ማታ ቤት ይመጣል። ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ የመጀመሪያ ሥራቸው ሸክላውን ከፍቶ ሌባ ጣታቸውን መክተት ነበር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሻይ እየጣድኩ ፍርዱን እጠብቃለሁ። «ውሃው አድሯል።» «የበርበሬ እጅ ነክቶታል።» «ትናንት ፀሐይ አግኝቶታል፤ መጋረጃውን ከፍተሽ ነበር።» የሚያናድደው ደግሞ አንድም ቀን አለመሳሳታቸው ነው። አንድ ዓመት፣ በኢድ ቀን፣ ልጄ ታሞብኝ የማታውን ውሃ ሳልቀይር ቀርቼ ነበር። እንግዶች ተቀምጠው ሳለ ሸክላውን አንስተው ወጡና ቅቤውን ቦይ ውስጥ ደፉት። «ምራቴ ለእንግዳ የምታቀርበው ይሄን ነው» አሉ፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። ምሳውን በፈገግታ አቀረብኩ። ሰሃኖቹን ሳጥብ ነው ያለቀስኩት።

እንዲህ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ። ባለቤቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ እናቱ ፊት ደግሞ ጭራሽ የማይሰማ ሰው። ስነግረው «ቻያት፣ ልቧ ንጹህ ነው» ይለኛል። ቻልኳቸው።

ኮሮና የመጣ ጊዜ እኛ ቤት ማንንም አልማረም። እኔና ባለቤቴ በሳምንት ተነሳን። አማቴን ሃያ ቀን አስታመምኩ። አጥሚት ሠርቼ አፋቸው ድረስ በማንኪያ አበላሁ፣ ገላቸውን በፎጣ አበስኩ። ሲድኑ «አላህ ይስጥሽ» አሉኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ምርቃት ስለነበር ደስ አለኝ።

ደስታዬ ወር አልሞላም። አንድ ጠዋት ሸክላውን ከፍተው ጣታቸውን ከተቱ፣ አሸተቱ፣ እንደገና አሸተቱ።

«ምንም አይሸትም» አሉ። «ምን ቀላቀልሽበት?»

«ምንም እማማ። ያው እርስዎ ከሱቅ የላኩልኝ ነው።»

«እኔ የላክሁት ለጋ ቅቤ ነው። ይሄ የአትክልት ቅቤ ነው። ወይ ሞራ ነው። የኔን የት አደረስሽው?»

ወላሂ ብዬ ማልኩ። አላመኑኝም። በማግስቱም ያው፣ በሳምንቱም ያው። ከዚያ ነገሩ ከቤት ወጣ። ቅቤውን ለእህቴ እየላክሁ የእሳቸውን ሸክላ በሞራ እንደምሞላ ለጎረቤት ነገሩ። ራጉኤል አካባቢ የሚኖሩ ዘመዶቻቸው ቤት ስሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ባለቤቴ አንድ ቀን እራት ላይ እንጀራውን እያየ «እውነት ግን አልነካሽውም?» ሲለኝ እጄን ከገበታው ሰበሰብኩ።

«አንተም?»

«ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።»

ነገሩ የገባኝ ውሃ አራት ቀን በጠፋበት ሳምንት ነው። በርሜላችን አልቆ የጀሪካን ውሃ ለልጆችና ለመጠጥ ብቻ ነበር የምንቆጥበው። የቅቤው ውሃ አልተቀየረም፤ ሙቀቱም ከባድ ነበር። በአምስተኛው ቀን ወጥ ቤት ስገባ ክርፋቱ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ልደፋው ሳነሳው አማቴ መጡ። አለቀልኝ አልኩ። ጣታቸውን ከተው አሸተቱ፣ ምላሳቸው ላይም አደረጉት።

«ዛሬስ ደህና ነው» ብለው ወጡ።

ሸክላውን እንዳቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። የማያሸቱ ሰው ናቸው። በሽታው አፍንጫቸውን ወስዶት ሄዷል፤ ከዚያ ሁሉ ክርፋት ጥቂት ብቻ ደርሷቸው የለጋ ሽታ መስሏቸዋል። ጥሩው ቅቤ «ምንም አይሸትም» የተባለው ለዚህ ነው፤ እኔ ሌባ የተባልኩትም ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሱቃቸው ስሄድ ልብ ብዬ አየኋቸው። ቅቤ ሲመጣላቸው አሁንም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ያሸታሉ። ከመናገራቸው በፊት ግን ዓይናቸውን ገልጠው የሰውየውን ፊት ያያሉ። «አንተ ምን ትላለህ?» ይላሉ። እንዲህ ብለው ጠይቀው የማያውቁ ሴት ናቸው። ያውቁታል ማለት ነው። ችግሩ የራሳቸው አፍንጫ መሆኑን እያወቁ ነው እኔን ሌባ የሚሉኝ።

ያኔ ብቻቸውን አግኝቼ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይዤው ዞርኩ፤ ይዤው ስዞር ደግሞ ይጣፍጠኝ ነበር። የከረፋውንም ቅቤ አልደፋሁትም። በጣሳ አድርጌ፣ ክዳኑን ጠቅጥቄ፣ ከከሰሉ ጆንያ ኋላ ሸሸግሁት። ለምን እንዳስቀመጥኩት ለራሴ አልነገርኩም፤ ግን አውቀው ነበር።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ ሁለት የቅቤ ነጋዴዎችና የባለቤቴ አጎት ቤታችን ነበሩ። ጎመን በቅቤ አቀረብኩ። አማቴ አንድ ጊዜ ጎርሰው ሰሃኑን ገፋ አደረጉት።

«አትብሉት፣ ይቅርታ» አሉ እንግዶቹን። «ይቺ ልጅ ቤቴን በሞራ ሞልታዋለች። በእርጅናዬ ሞራ ታበላኛለች።»

ወጥ ቤት ገባሁና ሁለት የሻይ ሰሃን አወጣሁ። አንዱ ላይ ከሸክላው፣ ሌላው ላይ ከጣሳው አደረግሁ። ተመልሼ ፊታቸው አስቀመጥኳቸው።

«እማማ፣ አንዱ ትናንት ያጠብኩት ለጋ ቅቤ ነው። አንዱ የተበላሸ ነው። ዓይንዎን ጨፍነው ለእንግዶቹ ይንገሩልኝ፤ የትኛው ነው የኔ?»

የተበላሸው ሽታ ከጠረጴዛው ማዶ ደርሷል። አንደኛው ነጋዴ አፍንጫውን ሊይዝ እጁን አንስቶ መልሶ አወረደው። ባለቤቴ «ተይ» አለኝ። አልተውኩም።

አማቴ አንዱን አነሱ፣ አሸተቱ። ሌላውን አነሱ፣ አሸተቱ። ብዙ ቆዩ። እንደ ልማዳቸው ሊያደርጉ፣ ፊት ሊያነቡ ፈልገው ዓይናቸውን ገለጡ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነበር። ቀና ብዬ የማያቸው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ፊቴንም ድንጋይ አድርጌዋለሁ።

የከረፋውን ከፍ አድርገው «ይሄ ነው ለጋው» አሉ።

በመጨረሻ ሽማግሌው ነጋዴ «ሁለቱም ደህና ናቸው እትዬ፤ ዛሬ ጉንፋን ይዞዎት ይሆናል» አለ። ያ ደግነቱ ከምንም በላይ ጎዳቸው መሰለኝ። ተነስተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቅቤ ተራ ደረሰ። በፊታቸው የሚስቅ አልነበረም፤ ሁሉም አሁንም እትዬ ይላቸዋል። ግን ለዳኝነት ቅቤ ይዞ የሚመጣ ጠፋ። ገዢው «እኔው ራሴ ላሽትተው» ማለት ጀመረ። ዓመት ሳይሞላ ሱቁን ለቀው ቤት ዋሉ። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ምግብ ሳቀርብላቸው ይበላሉ፤ ጨው አነሰው በዛ አይሉም። ያ ሁሉ ዓመት የተመኘሁት ዝምታ ይሄ ነበር። ሲመጣ ግን ቤቱን የምጋራው ከግድግዳ ጋር ሆነ።

አንድ ጊዜ ብቻ አነሱት። እግራቸውን እያጠብኩላቸው ነበር።

«ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ውሃ ከጠፋበት ሳምንት ጀምሮ።»

«ታዲያ ለብቻዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

መልሱ ዘጠኝ ዓመት አፌ ውስጥ የቆየ ይመስል ፈጥኖ ወጣ። «እርስዎ ጥፋቴን ለብቻዬ ነግረውኝ ያውቃሉ?»

እግራቸውን ከሳፋው አወጡ። ፎጣውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው አደረቁ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ሱቁን በለቀቁ በሁለተኛው ዓመት ዐረፉ። ለቅሶው ላይ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ አትክልት ተራ ያለው ሰው ሁሉ መጥቶ ነበር። ሴቶቹ አቅፈውኝ «እንደ ልጅ አስታመምሻቸው፣ አጅርሽ፣ ምንዳሽ ከአላህ ነው» አሉኝ። ሞራ ታበላለች ብለው ሲያሙኝ የነበሩት እነዚያው ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ እንኳ «ተሳስተን ነበር» አላለችኝም።

ባለቤቴም አላለም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ሲሰበስብ አጠገቡ ሄጄ «ያኔ ሌባ ነሽ ስባል አምነህ ነበር?» አልኩት። ወንበሮቹን አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ቀጠለ።

«አሁን ስለሱ ይወራል?» አለ።

«መቼ ነው የሚወራው?»

«እናቴ ነበረች» አለኝ፤ የተደረቡትን ወንበሮች አቅፎም ከድንኳኑ ወጣ።