ደቦ የወጣለት የላብላብ ማሳዬ

ዛሬ ረፋድ ላይ በዴሳ ከተማ አካባቢ ወዳለው የሙከራ ማሳዬ በሞተር ስደርስ ማሳው ተመልጧል! መሃሉ ላይ ቤት የሚያክል የመኖ ክምር ቆሟል።

ላብላብ ነው፤ የቦሎቄ ዘመድ የሆነ የከብት መኖ። ሰማንያ ዓይነት ዘር በሰማንያ መደብ ዘርቼ፣ የሁሉንም ቅጠል ወስጄ ዲኤንኤውን አስመርምሬያለሁ። የቀረኝ የየመደቡን ምርት ለየብቻ መዝኖ ከዲኤንኤው ጋር ማገናኘት ነበር። ያ ከተሳካ ወደፊት ብዙ መኖ የሚሰጠውን ዘር ገና በችግኝነቱ እናውቀዋለን።

መሬቱን የሰጡኝ ጋሽ አንጁሎ እየሳቁ ተቀበሉኝ።

«ትናንት ብቻህን በማጭድ ስትለፋ አይተን አሳዘንከን። ጎረቤት ጠርቼ ደቦ ወጣንልህ። ፀሐይ ሳትበረታ ጨረስነው!»

«በየመደቡ የተከልኳቸው ቁጥር የተጻፈባቸው እንጨቶችስ?» አልኩ።

«እነሱንማ እንዳይጠፉብህ ነቅለን አስቀመጥንልህ።»

ሰማንያውንም በገመድ አስረው ሰጡኝ። አንድ እንኳ አልጎደለም!

እንዳልጮህባቸው፣ ያደረጉት በደግነት ነው። ጥርሴን ነክሼ «ተባረኩ» አልኳቸው። ክምሩን ልመዝነው? የየትኛው ዘር ምርት ብዬ ልጻፈው?

ደግሞ አላለቀም። ደቦ የወጣለት ሰው በተራው ደቦ ይወጣል። ስለዚህ ቅዳሜ የጋሽ አንጁሎን የጎደሬ ማሳ እቆፍራለሁ። የዓመት ልፋቴን በአንድ ጠዋት ስለደባለቁልኝ ውለታ ልመልስ ማለት ነው!

እናንተንስ ደግ ሰው አግዞ ጉድ ሠርቷችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ እስኪ፣ ብቻዬን አልቃጠል።

ዶማ ላውስህ የሚል ካለ ግን አይቸገር፤ ጋሽ አንጁሎ አዘጋጅተውልኛል።