የአባቴን ፈረስ ያስበላው ሰው

ያንን ሰው ይቅር አላልኩትም፤ አልልምም። ጎረቤታችን ነበር። በየዓመቱ ጥር ላይ በፈረሰኞች በዓል አባቴ በነጩ ፈረሱ ሲቀድመው ዓይኑ ደም ይለብስ ነበር።

በዓሉ ሲቃረብ አንድ ጠዋት ጋጣው ውስጥ ያገኘነው የፈረሳችንን ጭንቅላትና የጎድን አጥንት ብቻ ነው። ጅብ ገብቶ ነበር። የቀርከሃው በር የታሰረበት ጠፍር ግን በቢላ ተቆርጧል። ከሰውየው ደጅ እስከ ጋጣችን ድረስ ሣሩ ላይ ጥንብ የተጎተተበት መስመር ይታያል፤ ግማቱ ገና አልለቀቀም። መንገድ አሳይቶ፣ በር ከፍቶ ነው ጅቡን የጋበዘው!

ፖሊስ ምስክር አምጡ አለ። መንደሩ ሁሉ መስመሩን አይቷል፤ አፉን የከፈተ ግን አልነበረም። ሰውየው ራሱ ጋቢውን ተከናንቦ ሊያጽናናን መጣ። «ምን ይደረግ ወንድሜ፣ ጅብ አይከሰስ» አለው አባቴን። አባቴ ከዚያ ወዲህ በዓሉን ለማየት እንኳ ከቤት ወጥቶ አያውቅም። እኔ ግን ቀኔን ጠበቅሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእንጅባራ ወጣቶች ካሜራ ተከራይተው ለፊልም የሚሆን ታሪክ ሲያፈላልጉ፣ ከጠፍሩ እስከ ጋቢው አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ጅብ ከየት ይምጣ፤ ድምፁን ከስልክ አወጡት። ነጭ ፈረስ ግን ግድ ነበር። በአካባቢው ደግሞ የሚያምር ነጭ ፈረስ የቀረው የዚያ ጎረቤታችን ቤት ብቻ ነው። ሂዱና ለምኑት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ታሪኩ ምንድን ነው ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ፈረሱ ፊልም ላይ ሊወጣ ነው ሲባል ጥርሱ አልከደን ብሎ፣ ኮርቻውን አሳምሮ ራሱ እየሳበ አመጣው።

ፊልሙ የታየ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እሱ ፊት ወንበር ላይ ተሰይሞ «ያውላችሁ የእኔ ፈረስ!» ይላል። ወዲያው ጋቢ የተከናነበ ሰው ጥንብ እየጎተተ ብቅ አለ። ጠፍሩን ቆረጠ። በማግሥቱ ለማጽናናት መጥቶ «ጅብ አይከሰስ» አለ። ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ሰው «እሱ አይደል እንዴ?» አለ፤ ያኔ አፉን የዘጋው መንደር ሁሉ ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ፊልሙን አላየሁም፤ ማጅራቱን ነበር የማየው። ላብ በላብ ሆኗል። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። «ስሜን ቀበርሽው! እከስሻለሁ!»

«ምን ይደረግ ጋሼ» አልኩት፤ «ፊልም አይከሰስ።»