ከግንቡ ጠባብ መስኮት ልጄን ሳያት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው መስከረም ነው። ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ እኔ ግን አሁንም እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምንኖርበት ሕንፃ አሳንሰር ውስጥ ብቻዬን ስሆን፣ በሩ እስኪከፈት ትንፋሼን እይዛለሁ። ልጅ ላላቸው ሰዎች ይጠቅም ይሆናል ብዬ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። የቀረውን የተማርኩት ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ፣ ታክሲዬ ውስጥ ተሳፋሪ ስጠብቅ እያነበብኩ ነው። በተለይ ስለ ድሮ ግንቦችና ስለ ምሽግ አሠራር ማንበብ እወዳለሁ። ይህን የምታውቀው ልጄ ሶስና ሥራ ከያዘች በኋላ፣ ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉትን የመካከለኛው ዘመን ግንቦችና መንደሮች ላሳይህ ብላ ትኬት ቆረጠች። እናቷ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች ቀረች። ኤርፖርት ስትሸኘን፣ "እባክህ ፊትህን ፈታ አድርግ፤ ልጅቷን እንደ ኢሚግሬሽን መኮንን አትመርምራት" አለችኝ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መልካም ነበሩ። ሶስና የተከራየችውን መኪና ትነዳለች፣ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ አስተምራለሁ። መንደሮቹ ገደል ላይ የተለጠፉ ናቸው። ከሥራቸው ወንዙ አረንጓዴ ሆኖ ይፈሳል። አንድ ቦታ ላይ በወንዙ ወዲህና ወዲያ ሁለት ግንቦች ተፋጠው ቆመዋል።

"ተመልከች፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲፈራ የሠራው ነው" አልኳት።

"ዳድ፣ መጀመሪያ ፎቶ ላንሳህ፤ ከዚያ ትሰብካለህ።"

አንድ ቀን ጠዋት ባደርንበት ቤት ቁርስ ላይ፣ "አባዬ፣ የምነግርህ ነገር አለ፤ ግን አትቆጣ" አለች። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ለሥራዋ ቅርብ የሆነ አፓርትመንት አግኝታ የኪራይ ውል ፈርማለች። ስንመለስ ከቤት ልትወጣ ነው። ሳታገባ፣ ብቻዋን።

"እናትሽ ታውቃለች?"

"ታውቃለች። የፈራነው አንተን ነው።"

ይሄ ደግሞ ባሰብኝ። "ሳታገባ ከአባቷ ቤት የወጣች ልጅ ልጄ አይደለችም። ከወጣሽ በሩን እርሺው። እኔም ልጅ ነበረችኝ ብዬ አላስብም" አልኳት። "ኦኬ" አለችና የመኪናውን ቁልፍ አነሳች። ያን ቀን ልናይ ወዳሰብነው ግንብ ነዳች።

ግንቡ ገደሉ ጫፍ ላይ ነው። መኪናችንን ከታች መንደሩ አደባባይ አቁመን በእግር ወጣን። ሶስና ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣ "አንተ እይ፣ እኔ እዚህ እጠብቅሃለሁ" አለች። እኔ ወደ ግንቡ ጸሎት ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ በፈረንሳይኛ የተለጠፈ ወረቀት ነበር፤ ምን እንደሚል አላወቅኩም። ጫማዬን አውልቄ ደፉ አጠገብ አስቀመጥኩና ገባሁ። ቅዳሴ የማይቀደስበት ቢሆንም ታቦት የነበረበት ቤት ይመስለኛልና በጫማ አልረግጠውም።

ጎብኚዎች ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ለጸሎት አልተመቸኝም። ከመሠዊያው በስተግራ ዝቅ ያለች በር አየሁ። በእሷ በኩል ወርጄ አንዲት ጠባብ የድንጋይ ክፍል ውስጥ ገባሁ። ተንበርክኬ ጸለይኩ። ጸሎት ልበለው እንጂ ነገሩ ልጄን ለእግዚአብሔር መክሰስ ነበር፤ ስለዚህ ረዘመ።

ስወጣ ጸሎት ቤቱ ባዶ ነው። ትልቁ በር ተቆልፏል። ደበደብኩ። በሩ እንደ ግንቡ ወፍራም ስለሆነ ድምፁ ወደ ራሴ ተመለሰ። ጮህኩ፤ የመለሰልኝ የለም። ስልኬን መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ። ወረቀቱ የሚለው፣ ኋላ እንደ ሰማሁት፣ ጸሎት ቤቱ ከቀትር በኋላ እስከ ማግስቱ ዝግ መሆኑን ነው። የዘጋው ሰው እኔ ያለሁበትን ክፍል አላየም። ደጅ ያገኘውን ጫማ ግን፣ ሰው ረስቶት የሄደ መስሎት፣ ወደ ትኬት መሸጫው ወስዶታል።

ወደ ትንሿ ክፍል ተመለስኩ። መስኮት አላት። ከውስጥ ሰፊ ሆኖ ወደ ውጭ እየጠበበ የሚሄድ፣ ቀስት ለመወርወር የተሠራ ነው። በመጽሐፍ ሳነበው ያደነቅሁት ብልሃት ነበር፤ ውስጥ ያለው ውጭውን ያያል፣ ውጭ ያለው ግን ውስጡን አያይም። ክንዴን ሰደድኩ፤ ጫፉ ጋ ሳይደርስ ተሰነቀረ።

በዚያ ስንጥቅ አደባባዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መኪናችን አለች። ሶስናም አለች።

መኪናው ዙሪያ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። የኋላውን ከፍታ ሻንጣዬን አየች። "ሶስና! ሶስና!" አልኩ። ከጣሪያው ሥር ርግቦች ተነሡ እንጂ እሷ ቀና አላለችም። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ስልኳን ዘርግታ ለሻጯ ሴትዮ አሳየቻት፤ ፎቶዬ መሆን አለበት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ወደሚቀጥለው በር ሄደች። ቀጥሎ ወንበር ላይ ወደተቀመጡ ሽማግሌ። ቋንቋውን ከሰላምታ በቀር አታውቀውም፤ በእጇ ቁመቴን እየለካች ታስረዳለች። ኋላ መኪናው ላይ ተደግፋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ልጄ ስታለቅስ ካየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እኔ ፊት አታለቅስም።

ከዚያ መኪናው ውስጥ ገባችና የወንዙን ድልድይ ተሻግራ ሄደች።

ያኔ ግድግዳው ተጠጋብኝ። ቅዝቃዜው በባዶ እግሬ ወጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። የተቆለፈው በር ግን አይደለም እንደዚያ ያስጨነቀኝ። ልጄ ምን ብላ እንደምትፈልገኝ ገባኝ። አባቴ ተቆጥቶ፣ በሰው አገር ጥሎኝ በእግሩ ሄደ ብላለች። አምናዋለች። ማመንም አልከበዳትም፤ ጠዋት በገዛ አፌ ነግሬያት የለ! እኔ ያልኩት ለማስፈራራት ነው፤ እሷ የሰማችው እውነት ነው። ያን ቃል መልሼ እንዳልውጠው በሩ ተዘግቷል፤ ድምፄም ከግንቡ አይወጣም። ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትዞር ድረስ ጮህኩ። ድምፄ ሲዘጋ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሲመሻሽ ቁልፍ ሲንቋቋ ሰማሁ። አንዲት የግንቡ ሠራተኛ በሩን ከፈተች። ከኋላዋ ሶስና ጫማዬን አቅፋ ቆማለች።

"ዳድ! ኦ ማይ ጋድ፣ ዳድ!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ደረቴን በቡጢ መታችኝ። "ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄጄ እኮ ነው የፈለግኩህ! ቀድሜ እዚህ ስመጣ በሩ ተዘግቷል፣ ጫማህ የለም፤ ሳላየው ወጥቷል አልኩ። አሁን ፖሊስ እንዲጠሩልኝ ትኬት መሸጫው ስገባ ጫማህ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል!"

ሠራተኛዋ ግራ ገብቷት ጫማውን ለምን እንዳወለቅኩት እንግሊዝኛ እየሰበረች ጠየቀች። ሶስና ሳቅም ለቅሶም በቀላቀለ ድምፅ ነገሩን አስረዳችኝ። "ጫማው ብቻውን ሲገኝ ሰክሮ የረሳው ሰው አለ ብለው ነበር። አባቴ ጫማውን አውልቆ የሚገባው አንድ ቦታ ብቻ ነው አልኳት።"

ይህን ጊዜ ዝቅ ብዬ እግሯን አየሁ። በዚያ ሁሉ ድንጋጤ ውስጥ የራሷንም ጫማ ደፉ ላይ አውልቃ በካልሲ ነው የገባችው። "ይቺ ልጅ ወጋችንን ሁሉ ረስታለች" እያልኩ ስከሳት የኖርኩት እኔ ነኝ።

ጫማዬን አድርጌ ወደ መኪናው ወረድን። ድልድዩን ስንሻገር፣ "አፓርትመንቱ ስንተኛ ፎቅ ነው?" አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። "ሁለተኛ።"

"መስኮቱ በደንብ ይከፈታል?"

"አባዬ!" አለችና፣ መንዳት እስኪያቅታት ድረስ ስቃ መኪናውን ዳር አቆመች።

አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። አልጋዋን ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ልጅ ሳያገባ ከቤት መውጣቱን ዛሬም አልደግፍም፤ ተለወጥኩ ብዬ አልዋሽም። ግን ለወላጆች አንድ ነገር እላለሁ፦ ልጅ እንዲያምናችሁ የማትፈልጉትን ቃል ለልጅ አትናገሩ፤ ያምናችኋልና።

እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ እንበላለን፣ እንከራከራለን። ከግንቡ መውጣቴን ለሰው ስታወራ በሳቅ ትገድላለች። ባቡር ጣቢያ ሄዳ ስትፈልገኝ ልቧ ውስጥ የነበረውን ግን አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። ያን ቀን ጥሎኝ ሄደ ብላ ያመነችው ነገር ወጥቶላት እንደሆነ ልጠይቃት እፈልጋለሁ። እስካሁን ግን አልደፈርኩም።