ለየኔታ የማይቀርብ ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰመመን ሕክምና ተማሪ መጠይቁን እንዳይለት ፍኖተ ሰላም ድረስ ይዞልኝ መጣ። ጥናቱ ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንዴት እንደሚያገግም ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ጠፋ። «አየር ወጥቶልዎታል?» ይላል።

እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ ለመመረቂያ ጥናቴ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል አልጋ ለአልጋ ዞሬያለሁ። ነሐሴ ነበር። ከቡሬ በሚኒባስ እመጣና የቀረውን መንገድ ጭቃ እያቦካሁ እደርሳለሁ። በየመንገዱ ዳር የበቆሎ እሸት ይጠበሳል፤ ሽታው በሆስፒታሉ መስኮት እየገባ ምግብ የተከለከለውን ሁሉ ያሰቃያል።

ከተከለከሉት አንዱ ከቋሪት የመጡ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሁሉም የኔታ ይላቸዋል፤ ጠያቂ ከአልጋቸው ዙሪያ አይጠፋም። አንጀታቸው ተጠማዝዞ ነበር የተቀደዱት። አንጀት ሥራ መጀመሩ አየር ሲወጣ ይታወቃል፤ እስከዚያ ምግብ የለም። ጠዋት ጠዋት ቅጼን ዘርግቼ ስጠይቃቸው ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው «የለም ልጄ» ይሉኛል። እኔም «የለም» ብዬ እጽፋለሁ።

በአራተኛው ቀን ሐኪሙ ቅጼን አይቶ፣ «እስከ ነገ ካልወጣ ደግመን መክፈታችን ነው» አለ። ግራ ገባኝ። እርግጥ ሆዳቸው አሁንም ትንሽ ነፋ ብሏል፤ ግን አያስመልሳቸውም፣ ከጠያቂዎቻቸው ጋር ይጫወታሉ። ማንን ልመን? የኔታን የሚያህል ሰው ይዋሻል ብሎ ማሰቡ ራሱ ኃጢአት መሰለኝ።

ባለቤታቸው ኮሪደር ላይ ያዙኝ። «ደግመው ሊቀዷቸው ነው አሉ። ምነው ልጄ፣ ምን ተገኘባቸው?»

«አየር አልወጣላቸውማ፣ እማማ።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ተትናንት ወዲያ ጀምሮ ወጥቷል እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?»

«እንዴት ብለው? አንች ሴት ልጅ፣ ያውም ወረቀት ዘርግተሽ፣ አገሩ ሁሉ ከቧቸው ተቀምጦ። የኔታ እንዲህ አደረጉ ተብሎ ይጻፍ?»

ሮጬ ለሐኪሙ ነገርሁት። ሆዳቸውን በማዳመጫው ደጋግሞ አዳመጠና አጥሚት ፈቀደላቸው። እየጠጡ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ያ ጥያቄሽ ቀረ?» አሉኝ።

«ቀረ፣ የኔታ።»

«ተመስገን።»

ሁለተኛ ቢላዋ እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር? እስካሁን አላውቅም። አውቀው ዝም ብለው ከሆነ እናደድባቸዋለሁ፤ መልሼ ደግሞ አንጀቴን ይበሉታል። የእሳቸውን ቅጽ አረምሁ። ከእሳቸው በፊት «የለም» ያሉኝን ሽማግሌዎች ግን ማን ዞሮ ይጠይቃቸው? ሁሉም አገራቸው ገብተዋል። የትኛው «የለም» እውነት፣ የትኛው ይሉኝታ እንደሆነ ሳልለይ ሥራዬን እንዳለ አስረከብሁ፤ ተመረቅሁበትም። እንዴት አድርጌ እንደምቆጥራቸው ዛሬም ግራ ይገባኛል።

ተማሪው፣ «የእርስዎን ውጤት ነው መነሻ ያደረግሁት» አለኝ በአክብሮት።

«አትመነው» አልሁት።

ትሕትና መስሎት ሳቀ።