ሰባት አባት ቁጠር ያልኩት ሰው

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ የቀረውን ከመዝገበ ቃላትና ሰው ከጣለው መጽሐፍ ራሴን ያስተማርኩ፣ በኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ መንገደኛን ከመኪና ማቆሚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የማመላልስ ሹፌር። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ አረጋውያንን በመንከባከብ ትሠራለች፣ ከእኔ ይልቅ ትስቃለች። ሦስተኛዋ የመጀመሪያ ልጃችን ናት፤ ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። አራተኛው እጮኛዋ ነው፤ ሪከንባከር አካባቢ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ የሚነዳ፣ ሂልቶፕ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ነጭ አሜሪካዊ። አምስተኛዋ ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ ከብሮድ ስትሪት ገባ ብላ ባለች ትንሽ ቤት ከኦክስጅናቸው ጋር ይኖሩ ነበር። የማንንም ስም አልጽፍም። ስም በቂ መከራ አሳይቶናል።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ መጋቢት ኮሮና መጥቶ መንገደኛ ሲጠፋ ሥራዬ ቆመ። ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ ባለችው ባለ ሁለት መኝታ ቤታችን ውስጥ ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ልብሷን በር ላይ እያወለቀች ትገባለች፣ ልጄ የምግብ ጠረጴዛውን ይዛ ጆሮዋን ደፍና ትሠራለች፣ እኔ በመስኮቱና በፍሪጁ መካከል እመላለሳለሁ። ስድስት ወር እንዲህ ኖርን። መሄጃ አልነበረኝም፤ በእጄ የቀረው ሥልጣን አባትነት ብቻ ነበር፣ እሱንም ከሚገባው በላይ ሠራሁበት።

መስከረም ላይ እጮኛዋ ሽማግሌ ላከ። ልጄ ናት ወጋችንን ያስተማረችው። ሦስት ሆነው በቪዲዮ መጡ፤ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን አባት፣ የመጋዘኑ አለቃውና አያቱ።

"ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ፈልገን ነው ደጅዎ የቆምነው" አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው፣ ሶፋቸው ላይ ተደላድለው።

"የማን ልጅ ነው?" አልኩ።

የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ለአለቃው ተረጎሙለት። እሱም ጉሮሮውን ጠረገና "ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አርፍዶ አያውቅም" አለ።

"ሰዓቱን አልጠየቅኩም። የማን ልጅ እንደሆነ ሰባት አባት ይቁጠር። ያን ጊዜ እመርቃለሁ።"

አያቱ አንገታቸውን ደፉ። እርጅና መሰለኝ።

ቪዲዮው ሲዘጋ ባለቤቴ ሳቋን ለቀቀችው። "አንተ ሰውዬ፣ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው! ከሂልቶፕ ልጅ ጋር በየት በኩል እንዛመድ ብለህ ነው?"

"የዝምድና ነገር ብቻ አይደለም። ከየት እንደመጣ የማያውቅ ሰው ትዳሩንም በቀላሉ ይተዋል።"

"የአንተንስ ሰባት የቆጠሩልህ አጎትህ አይደሉ? ከአራተኛው በላይ ዛሬም ትንተባተባለህ።"

"ዳዲ፣ ፕሊስ" አለች ልጄ።

እውነቷን ነበር ባለቤቴ። ግን ቃሌ በሦስት ሽማግሌ ፊት ወጥቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነኝ ብዬ ልጆቼን ያሳደግኩ ነኝ።

እጮኛዋ የሚያውቀው አባቱንና የአባቱን አባት ብቻ ነበር። አባቱ እሱ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ በመኪና አደጋ ሞቷል። ከዚያ በላይ ያለው የቤተሰቡ ስም ብቻ ነው። ስሙን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የአንድ የስኮትላንድ ክላን ስም ሆኖ አገኘው። ክላን ማለት በአንድ ስም የሚጠራ፣ አለቃ ያለው፣ የራሱ ባለመስመር ጨርቅ ያለው ጎሳ ነው ብሎ ለልጄ አስረዳት፤ እሷም ለእኔ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሌላ ሰው ሆነ። የጎሳውን አንገት ልብስ አዘዘ። ከመጋዘን መልስ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ጥር ላይ በረዶው መሀል በራችን ላይ ቆመ፤ አፉ በማስክ፣ አንገቱ በቀይና አረንጓዴ መስመር ተሸፍኗል። "ጋሼ፣ ሰባት!" አለና ወረቀት ዘረጋልኝ።

ወረቀቱን ሁለት ቀን በእርሳስ መረመርኩት። አራተኛው አባት ሲወለድ ወላጁ የተባለው አምስተኛው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ከሌላ ሰው የዘር ሐረግ ገልብጦ የቀጠለው ነው። ስህተቱን አክብቤ መለስኩለት። አልዋሽም፣ ስህተቱን በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፣ ለጎሳው ማኅበር ጻፈ። የመለሱለት በትሕትና ነበር፤ ስሙን የያዘ ሁሉ አባል መሆን፣ ጨርቁንም መልበስ ይችላል፤ ስሙን መያዝ ግን የትውልድ ማስረጃ አይሆንም፤ ድሮ በአለቃው መሬት ላይ የሚኖር ሁሉ የአለቃውን ስም ይይዝ ነበር።

"እንግዲህ አልተቆጠረም" አልኩ።

ልጄ ከእኛ ጋር መብላት አቆመች። እናቷ "ለምን ዝም ብላችሁ አትጋቡም?" ስትላት ሰማኋት። "ያለ እሱ ምርቃት አላገባም" አለች፣ ያውም በአማርኛ። ያን ጊዜ ይህን እንደ ድል ቆጠርኩት። አሁን ሳስበው በሩን የቆለፍኩት እኔ ነበርኩ፣ እሷ ግን ቁልፉ በእኔ እጅ እንዲቆይ ፈቀደችልኝ።

ሚያዝያ ላይ አያቱ ደወሉልኝ። ብቻህን ና አሉኝ።

በረንዳቸው ላይ ቆምኩ። እሳቸው በውስጥ፣ መስኮቱ አራት ጣት ያህል ተከፍቷል።

"ባለቤቴን ሳገኘው ልጄ ሦስት ዓመቱ ነበር" አሉኝ። "ሳላገባ የወለድኩት ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን እጁን ይዞት ፍርድ ቤት ሄደና የራሱን ስም ሰጠው። እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም። የልጅ ልጄ አሁን ባሕር ማዶ የሚፈልገው ያን ስም ነው። አያትህ አያትህ አልነበረም ልበለው?"

እንደ ሰው የምመልሰው ብዙ ነገር ነበር። እኔ ግን "የልጅዎ አባትስ ማን ነበር?" አልኳቸው።

"አሁንም እየቆጠርክ ነው?" አሉ።

አፈርኩ። ለማንም እንደማልናገር ማልኩላቸው፤ ነገሩንም እንደማስተካክል ነገርኳቸው።

ማስተካከሉ ቀላል ነበር። ማታ ራት ላይ "ተሳስቼ ነበር" ብል ያልቅ ነበር። ምክንያቱን የሚጠይቀኝ ቢኖር እንኳ እነዚያ ሁለት ቃላት ለራሳቸው ይበቁ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጆቼን ስጠይቃቸው የኖርኩት ሁለት ቃላት ናቸው፤ ከእኔ አፍ ግን ወጥተው አያውቁም። ክብሬ ሳይነካ የምወጣበት ሌላ በር ፈለግኩ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ቢለምኑኝ፣ ልጄ ብታለቅስ፣ ሠርግ የሚፈቀድበት ቀን ቢመጣ እያልኩ ጠበቅኩ። ሥራዬ ተመለሰ፣ ሰው ማስኩን አወለቀ፣ ከተማው ተከፈተ። እኔ እዚያው ነበርኩ።

"የምትጠብቀው ምንድን ነው?" አለችኝ ባለቤቴ።

"ጊዜ ስጪኝ።"

"ከየት ላምጣልህ?"

ነሐሴ ላይ አያቱ ሆስፒታል ገቡ። ኮሮናው አገርሽቶ ስለነበር ጠያቂ አይገባም ነበር። በማግስቱ እጮኛዋ በራችን ላይ መጣ፤ ልጄ ከኋላዬ ቆማለች።

"ጋሼ፣ መቁጠር አልችልም" አለ። "ትናንት አያቴ በስልክ ነገረችኝ፤ ስልኩን ነርሷ ይዛላት። ስሙ የእኛ አልነበረም።"

"አውቃለሁ።"

"ያውቁ ነበር?"

"ከሚያዝያ ጀምሮ። ነግረውኝ ነበር።"

ልጄ ከኋላዬ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። እሱ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይቀለኝ ነበር። "ካልነገርኩህ ያ ሰው አይለቃችሁም አለችኝ" አለ። "እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። የምቆጥረው የለኝም፣ ጋሼ። ያለችኝ እሷ አንድ ብቻ ናት።"

ያን ጊዜ ሁለቱ ቃላት ወጡ። "ተሳስቼ ነበር።" አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጁም። በዚያው ሳምንት ሐሙስ አያቱ አረፉ።

ሠርጉ ኅዳር ላይ ሆነ። ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ባዶ ተትቶ ነበር። ሙሽራው ያን ባለመስመር የአንገት ልብስ አጥልቆ መጣ። አለቃው "ጭራሽ ስኮትላንዳዊ ሆነህ ቀረህ?" ብሎ ሲቀልድበት፣ "ስሙን የሰጠን ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ግን ሰጠን" አለው። ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝም እሱ ነው።

ልጄ የእናቷን ጉልበት ስማ ቆየች፤ የእኔን ግን ሳም አድርጋ ተነሣች። መረቅኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ ማን እንዲሰማኝ እንደሆነ አላውቅም።

ከሽማግሌዎቹ ቀን እስከዚያ ቀን አሥራ አራት ወር ነው። አያቱ የኖሩት አሥራ አንዱን ነው። ከአሥራ አንዱም አራቱን እያወቅኩ ዝም ብያለሁ።