የወደቀው ሰው ድርሻ

ወልቂጤ ቅርንጫፍ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ወንበሬን እንኳ ሳያሳየኝ፣ «ጫማሽ ታኮ የለውም አይደል?» አለኝ። የለውም አልኩት። «ጥሩ፣ ጣሪያ ልናይ ነው» ብሎ ኮፍያውን አነሣ።

የመድን ሽያጭ ሠራተኛ ነኝ። የተወለድኩት ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ነው። ለአንድ ዓመት ብዬ በዝውውር መጥቼ ይኸው ወልቂጤና ቡታጅራ ስመላለስ ፀጉሬ ሸበተ። እናቴ እስከ ዛሬ ስትደውል «መቼ ነው የምትመጪ?» ትለኛለች። ይህን የምጽፈው አሁን ወደ ሥራው ለሚገቡ ልጆች ነው።

አለቃዬ የወሰደኝ ቆርቆሮ እየለበሰ ወዳለ ፎቅ ነበር። ከታች ሆኖ በእጁ እያመለከተ፣ «ከሁሉም ሥራ ይኼ ይከብዳል» አለኝ። «ጣሪያ ሠራተኛ የሚይዘው ነገር የለውም። የሚይዘውን ገና እየሠራው ነው።»

ጣሪያው ላይ የነበሩት ጋሽ ጀማልና ቡድናቸው ናቸው። ጋሽ ጀማል የአረቅጥ ሰው ናቸው፤ በአካባቢው ስማቸውን የማያውቅ አናጺ የለም። መድን ልንሸጥ መምጣታችንን ሲሰሙ፣ «እዚህ ውጪና ሽጪልን!» ብለው ጮኹ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ቀሚሴን በነጠላዬ ሸብ አድርጌ፣ በስመ ሥላሴ ብዬ መሰላሉን ያዝኩ።

«ኧረ ወጣች! ያ ረቢ፣ ወጣች!» አለ ነስሩ የሚባለው ቀልደኛቸው።

ጋሽ ጀማል ግን ወዲያው ቀልዱን ትተው እጄን ያዙ። «ከምስማሩ መስመር እንዳትወጪ እህቴ። ከምስማሩ ሥር ሞራሌ አለ፤ ክብደትሽን የሚሸከመው እንጨቱ ነው። ከመስመሩ ውጪ ቆርቆሮ ብቻ ነው።» እነሱ መስመሩን ሳያዩ ነበር የሚረግጡት። አንዱ ቆርቆሮ ያቀብላል፣ አንዱ ያስተካክላል፣ አንዱ ይመታል፤ ሳይነጋገሩ። እንዲህ ያለ ሥራ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ስለ መድን የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። ጋሽ ጀማል ጨርሰው ሰሙኝና፣ «አላህ አለ። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ እኛ አለን» አሉኝ።

«እኔም በእግዚአብሔር ነው የማምነው» አልኳቸው። «ግን እርስዎስ ከመውጣትዎ በፊት መሰላሉን ነቅነቅ አድርገው አይደለም የሚወጡት?»

«መልስስ ታውቃለች» ብለው ሳቁ። መድኑን ግን አልገቡም።

ለምን «እኛ አለን» እንዳሉ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሳህሌ የሚባል የቡኢ ልጅ አብሯቸው ይሠራ ነበር። እኔ ከመምጣቴ በፊት እምድብር ከተማ ከአንድ ጣሪያ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረና ቤት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ሥራ ጨርሶ ሒሳብ ሲካፈል የሳህሌን ድርሻ እንደ ድሮው ያወጣል፤ አብሯቸው እንደዋለ ሰው። ማንም አላስገደዳቸውም። እኔ ብወድቅ የሥጋ ወንድሞቼ ይህን ያደርጉልኝ ይሆን ብዬ ብዙ ቀን አሰብኩ።

የሕንፃውን ኮንትራክተርም መድን እንዲገባላቸው ጠይቄው ነበር። «በቁርጥ ነው የሰጠኋቸው፤ የኔ ሠራተኞች አይደሉም» አለኝ። እናንተም ይህን መልስ ብዙ ጊዜ ትሰሙታላችሁ። ጣሪያ ስታዩ መጀመሪያ ጠይቁ፤ እነዚህ ሰዎች የማን ናቸው?

ከወራት በኋላ ለመኪና መድን ቡታጅራ ሄድኩ። እያካፋ ነበር፤ በከተማው ያለ ግንበኛ ሁሉ ሥራ አቁሞ ተጠልሏል። የጋሽ ጀማል ሰዎች ግን የአንድ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ናቸው። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል።

«ጋሽ ጀማል፣ እርጥብ ላይ?» ብዬ ጮኽኩ።

«ምን እናድርግ እህቴ! ድርሻው ከነሳህሌ የአምስት ሰው ነው፣ እጁ የአራት። ፀሐይ ከጠበቅን አይደርስም።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ነስሩ አዳለጠው። በደረቱ ተንሸራቶ እግሮቹ ከክፈፉ አለፉ፤ ወገቡ ላይ ያሰረው ገመድ እዚያ ላይ ያዘው። ጎትተው አወጡት። ጋሽ ጀማል ወረዱና አልሐምዱሊላህ አሉ፤ እኔም አማተብኩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ለሳህሌ እንዳትነግሪው» አሉኝ።

የነገረው ራሱ ነስሩ ነው። በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ሳህሌ ስልኬን ከነስሩ ወስዶ ደወለልኝና ቡኢ ሄድኩ። ቡድኑ በሙሉ ቤቱ ተቀምጧል። ሳህሌ ክራንቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ «እህቴ፣ ይኼ መድን ለኔ ይደርሳል?» አለኝ።

«አይደርስም ሳህሌ። ሳትገባ የደረሰብህን አይሸፍንም።» ይህን ስናገር አንገቴን ደፋሁ።

«ለነሱስ?»

«ከገቡበት ቀን ጀምሮ።»

ወደ ጋሽ ጀማል ዞረ። «ሰሙ ጋሼ? እኔ አንዴ ወድቄያለሁ። እናንተ ግን በየቀኑ ስለኔ ልትወድቁ ነው። መድን እስክትገቡ ድርሻዬን አልቀበልም።»

«ማን ሾመህና ነው የምታዝዘን?»

«የቡድኑ ሰው ነህ ብለውኝ የለም ወይ? ሰው ከሆንኩ እናገራለሁ!»

«ዳሌው ነው እንጂ ምላሱስ አልተሰበረም» አለ ነስሩ። ሁሉም ሳቁ፤ ጋሽ ጀማል ብቻ አልሳቁም። ወደኔ ዞሩና፣ «እሺ፣ አስረጂን» አሉኝ።

የቡድን የአካል ጉዳት መድን ነበር። መጀመሪያ የማይሸፍነውን ነገርኳቸው፤ ሁልጊዜም ከዚያ ጀምሩ። ቀጥዬ የሚሸፍነውን፤ ሕክምናውን፣ ሰው ከሥራ ሲቀር የሚከፈለውን፣ አካል ሲጎድል ወይም ሞት ሲመጣ ለቤተሰብ የሚደርሰውን። ጋሽ ጀማል እያንዳንዱን ነጥብ ሁለት ጊዜ እየጠየቁ ገቡ።

ነስሩ ከዓመት በኋላ ወልቂጤ ላይ ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ሕክምናውም፣ ከሥራ የቀረበትም ተከፈለው። በዚያው ሰሞን ሌሎቹን ላይ ሥራ ቦታቸው ድረስ ሄድኩ። እያካፋ ነበር። ቡድኑ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል፤ ሳህሌ እንደ ልቡ ባይራመድም እዚያው ሆኖ ለነገ የሚወጣውን ቆርቆሮ ይለካል።

«ዛሬ አትወጡም?» አልኳቸው።

«ምን አጣደፈን?» አሉ ጋሽ ጀማል። «ነስሩ ቤቱ ተቀምጦ ይበላል። እኛ ፀሐይ እንጠብቃለን።»

ጣሪያ ላይ የሚሠራ ሰው መድን የሚያስፈልገው ለራሱ ብቻ አይደለም። እሱ ሲወድቅ፣ ያልወደቁት ጓደኞቹ የእሱን እንጀራ ለመሸፈን እርጥብ ቆርቆሮ ላይ እንዳይወጡ ነው።